ከዓርብ እስከ ሰኞ የቆመው ስክሪን

በውሃ ድርጅቱ ውስጥ «ሐኪሟ» ነው የሚሏት። መርፌ አትወጋ፣ ክኒን አትሰጥ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ በሚያጓሩ ማራገቢያዎች መካከል ተቀምጣ የታመመ ስክሪን በስልክ ታክማለች። ስክሪኑ የጨለመበት፣ ፊደሉ የተዘበራረቀበት፣ ተናዶ ጡጫ ያቀመሰውም ጭምር የሚደውለው ወደ እሷ ነው።

ሕክምናዋ ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «መጨረሻ ላይ የነኩት ምንድን ነው?»

የሰዉም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ? ምንም አልነካሁም።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ያልነካ ሰው ስታክም ኖረች። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ ሠላሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ወንድ ሁሉ ውሸታም ነው ብላ ብትደመድም ማን ይፈርድባታል?

አንድ ቀን ጠዋት ግን ከኮረብታው ጫፍ፣ ከሦስተኛው ፓምፕ ጣቢያ ስልክ ተደወለ። ከሰውየው ድምፅ ይልቅ የፓምፑ ጩኸት ጎልቶ ይሰማል።

«አዲስ ኮምፒውተር ሰጥተውኝ ነበር» አለ ሰውየው እየጮኸ። «ከዋናው ማሽን ጋር ስገናኝ ሰንጠረዡ መስመር የለውም። በመስመሩ ፈንታ የእንግሊዝኛው ፊደል ኪው ነው። ኪው፣ ኪው፣ ኪው፤ ዳር እስከ ዳር ኪው። ላጥፋው ብዬ ማጥፊያውን ስጫን ደግሞ ኮፍያ ያደረገች ኤች ይጨምርልኛል።»

«መጨረሻ ላይ የነኩት ምንድን ነው?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ማለት?»

«ከላይ ከግራ ጀምሬ እስከ ታች ቀኝ። በተራ። ሁለት ጊዜ።»

ሐኪሟ የስልኩን አፍ በመዳፏ ይዛ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ጉሮሮዋን ጠረገችና እንደ ትልቅ ሰው አስረዳችው።

«ይስሙኝ። ሁለቱ ማሽኖች አይተያዩም። የእርስዎ ኮምፒውተር ሲገናኝ፣ ‹እኔ እንዲህ ያለ ስክሪን ነኝ› ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ዋናው ማሽን ያንን አምኖ ነው መልሱን የሚልከው። የእርስዎ ሌላ ስክሪን ነኝ ብሎ ነው የገባው፤ ስለዚህ መልሱ የሚመጣው ለሌላ ሰው በሚገባ ቋንቋ ነው።»

«እኔ እንደዚያ በል አላልኩትም» አለ ሰውየው፣ ልጁ ሲዋሽ እንደተያዘበት አባት ተጨንቆ።

«አውቃለሁ። ትክክለኛውን ስሙን እንነግረዋለን።»

አንዷን መስመር ፊደል በፊደል እየጮኸች አስጻፈችው። ከዚያ ስለ ማጥፊያው ሌላ አንድ መስመር። ለጥቂት ጊዜ ፓምፑ ብቻ ተሰማ።

«መስመር ሆነ» አለ በመጨረሻ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ኪው የሚባል ፊደል ከዛሬ ጀምሮ ጠላቴ ነው።»

ስልኩን ዘግታ እሱው ላይ አፍጣ ቆየች። ሁሉንም ነክቻለሁ ያላት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ደወለ። አንድ ፕሮግራም መሃል ላይ ተቋርጦበት፣ ከዚያ ወዲህ የሚጽፈው ሁሉ ስክሪኑ ላይ አይታየውም።

«ስክሪኑ የምትጽፈውን መልሶ ማሳየት ትቷል እንጂ ማሽኑ ይሰማሃል» አለችው፤ መቼ «አንተ» ማለት እንደጀመረች እሷም አታውቅም። «ባይታይህም እንዳየህ ሆነህ የምልህን ጻፍና ኢንተር በል። እመን።»

ጻፈ። ስክሪኑ ብድግ አለ፣ እንደ ድሮውም ሆነ።

«ሳላይ ጻፍኩ እኮ» አላት እየተገረመ።

«የማይታይህ ሁሉ አልደረሰም ማለት አይደለም» አለችው። እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን የሷን ንግግር እንደ መመሪያ ነው የሚይዘው፤ ይህንንም ያዘ። ኋላ ጉድ የሠራቸው ይኸው ነው።

በሦስተኛው ወር ገመድ መቀየር አስፈለገና በድርጅቱ ፒካፕ ኮረብታው ላይ ወጣች። በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ረጅም፣ እጁ እስከ ክርኑ ቅባት የነካው፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተከመረበት ሰው። «ሐኪሟ» አላት፤ «ባለ ኪው» አለችው። ፓምፑ ስለሚጮህ ከዚያ በላይ ማውራት አይቻልም። እየጠቆመ አሳያት፤ መለኪያውን፣ ቫልቩን፣ በወፍራሙ ግድግዳ ምክንያት ሞባይል የማይሠራባትን ክፍሉን።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ታንከሩ ሞላና ፓምፑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ዝምታው እንደ ሰው መጥቶ መሃላቸው ቆመ። እሱ አያት። እሷም አየችው። ገመዱን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር፤ ፈታ እንደገና ጠቀለለችው።

በስልክ መንሾካሾክ እዚያ ቤት የማይታሰብ ስለሆነ መንገዱን ማሽኑ ውስጥ አገኙት። ዋናው ማሽን ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ብልሃት አለው፤ የሌላውን መጠሪያ ጠርተህ ከጻፍክ፣ የጻፍከው እዚያኛው ስክሪን ላይ ይወድቃል። የሱ መጠሪያ «ፓምፕ ሦስት» ነው፤ የሷ «ድጋፍ»። ፍቅረኞች ስንት የቁልምጫ ስም በሚያወጡበት ዓለም እነዚህ ሁለቱ ድጋፍና ፓምፕ ሦስት ተባብለው ቀሩ።

መጠሪያዋን መጥራት ከተረሳ ግን ማሽኑ የተጻፈውን ትእዛዝ ነው ብሎ ይወስደዋል። አንድ ቀን ረስቶ በቀጥታ «ደህና ዋልሽ» ብሎ ጻፈ። ማሽኑም ‹ደህና› የሚባል ትእዛዝ የለም ብሎ መለሰለት።

«ይኼ ማሽንሽ ሰላምታ አያውቅም» ብሎ ከሰሰላት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የታንከሩን ልክ ይልካል፤ ከልኩ ጋር አንድ ሁለት መስመር። ዛሬ ጣሪያው ላይ እርግብ እንቁላል ጣለች። ዛሬ አዲሱ ጫማዬ አንድ እግሩ ይጮሃል። በሁለት ጣት ስለሚጽፍ እስኪጨርስ ታረጃለች፤ ይህንኑ ብላ ስትቀልድበት ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ጽሕፈት ትምህርት ገባ። «መምህራችን በየደቂቃው አስቀምጡ ይላል» ብሎ ጻፈላት፤ «አንድ ገጽ ጽፌ አርባ ጊዜ አስቀመጥኩ።» ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። አንድም ቀን ግን ከሁለት አንዳቸው ያቺን አንዷን ቃል አልጻፏትም።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ጠሯትና አንድ ቅጽ ሰጧት። የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ በሚገኘው ቅርንጫፍ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቷል።

«ደሞዙም ሹመቱም ያንቺ ነው» አሏት። «ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት ፈርመሽ አምጪ። ካለፈ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

እናቷ ይህን ከሰማች ደስታዋን አትችለውም። አጎቷ እዚያ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ደግሞም አንድ ባለ ቤት፣ ባለ መኪና፣ ጨዋ ልጅ አውቃለሁ እያለ በየስልኩ የሚያነሳው ነገር አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ፓምፕ ሦስት የታንከሩን ልክ ላከ። እሷ መጠሪያውን ጠራችና ጻፈች፤

«ሩቅ ቅርንጫፍ አዛውረንሽ እንሹምሽ ብለውኛል። ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ስጪ ተብያለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር? አንተ በል።»

ለሌላ ሰው ይህ የሥራ ጉዳይ ነው። ለሷ ግን ስምንት ወር ያልተጻፈችው ቃል እዚያ መስመር ውስጥ ቁጭ ብላለች።

ጠበቀች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የምትጠብቀው ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፣ ትንሽ ልታገሰው አለች። ሩብ ሰዓት ሆነ። «አለህ?» ብላ ጻፈች። ማራገቢያው ያጓራል። «እሺ» ብላ ጻፈች። ፅዳቷ ሴትዮ መወልወያዋን ይዛ ገባች፣ እግርሽን አንሺልኝ አለቻት፣ ወለወለች፣ ወጣች። ከፓምፕ ሦስት አንዲት ፊደል አልመጣችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከማሽኑ ወጣች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ደረጃውን በእግሯ ወረደች። ሊፍት ውስጥ ከሰው ጋር መቆም አልቻለችም።

እሜቴ ሐኪም፣ የከተማውን ስክሪን ሁሉ የምታውቂ፣ የራስሽ ላይ ሲደርስ «መጨረሻ ላይ የነካኸው ምንድን ነው» ብለሽ መጠየቅ እንዴት ጠፋሽ? ጠፋት። ሆድ ሲብስ ሙያ ከየት ይመጣል።

ቅዳሜም እሑድም ምግብ በቅጡ አልበላችም። እናቷ ሳሎን ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ከመነጽሯ በላይ ትሰልላታለች።

«እማ፣ ሰው ተጠይቆ ዝም ካለ ምን ማለት ነው?»

«ማን ነው ዝም ያለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው መሆኑንማ ገባኝ፤ ድመት አላልኩም። የትኛው ሰው?»

እናት ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ያ በማሽን የሚያወራሽ ነው? አንቺ ልጅ፣ ድምፁን ለማሰማት እንኳ ፈቃደኛ ያልሆነ ወንድ ነገ ምን ሊሆንሽ ነው? ፈርሚና ሂጂ። አጎትሽ አንድ ልጅ አለ ብሎኛል።»

«እሺ እማ» አለች። የዚያን ያህል ቶሎ እሺ ማለቷ እናትን ደስ አላሰኛትም፤ ሱሪውን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየቻት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ማሽኑ ሳትገባ ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ አነሳች። ፊርማዋን ልትጀምር ስትል ስልኩ ጮኸ። ከድምፅ በፊት ፓምፕ ተሰማ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ፤ እንደማያውቃት። «ከፓምፕ ሦስት ነው። የስክሪን ብልሽት ለማሳወቅ ነበር።»

«ጤና ይስጥልኝ» አለች እሷም እንደማታውቀው። «ምን ሆነብዎ?»

‹ብዎ› አለችው።

«ከዓርብ ጀምሮ ቆሟል። አይንቀሳቀስም። የምጽፈውም አይታይም። የታንከሩን ልክ በወረቀት ነው የያዝነው።»

«ከዓርብ ስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከአሥር... ከአሥር ሰዓት ጀምሮ።»

እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«መጨረሻ ላይ የነኩት ምንድን ነው?» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አልነካሁም ይላት ነበር።

«ኮንትሮልና ኤስ» አለ። «ላስቀምጠው ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ያልሽኝን። የጻፍሽልኝን። እንዳይጠፋብኝ ብዬ... መምህራችን እንደዚያ ነው ያሳየን።» የተጎዳ ኩራቱን ይዞ ቀጠለ። «መልሱንማ ወዲያው ጻፍኩልሽ። አልታየኝም፤ ግን የማይታይህ ሁሉ አልደረሰም ማለት አይደለም ብለሽኛል፤ ሳላይ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል እንኳ አልመለስሽልኝም። እሺ፣ ያንቺ መብት ነው። ስክሪኑን ብቻ አሠሪልኝ።»

ሐኪሟ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አደረገች። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። በጽሕፈት ትምህርት ቤት ኮንትሮልና ኤስ ያስቀምጣል። ከሩቅ ማሽን ጋር ስትገናኝ ግን ያው ቁልፍ ሌላ ነገር ነው፤ ስክሪኑን ባለህበት ቁም ይለዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ስክሪኑ የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ የምትጽፈውም ጠፍቶ ሳይሆን ከውስጥ ተሰልፎ ይጠብቃል። የሚፈታውም አንዲት ቁልፍ ናት። በስልክ ብትነግረው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«ምንም እንዳትነካ» አለች። «ሰማኸኝ? ምንም። መጣሁ።»

ቅጹን ሳትፈርም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረደች። ቧንቧ ጭኖ ወደ ኮረብታው የሚወጣውን ፒካፕ በር ላይ ደረሰችበት።

«ሐኪም፣ ማን ሞተ?» አለ ሹፌሩ።

«እስካሁን ማንም። ንዳ።»

«በዚህ አነዳዴ ከሆነ የምንሞተው እኛ ነን» አለና ነዳ።

በር ላይ አገኘችው። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። ሰላምታም አልተለዋወጡም። ስክሪኑ ላይ የፓምፕ መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ብልሽት። አይነካ» ይላል በትልቁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቅዳሜና እሑድ ተረኛው እንዳያነበው ብዬ።»

ወረቀቱን ላጠችው። የዓርብ ጽሑፏ እንዳለ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር? አንተ በል። ከዚያ በታች ባዶ። «አለህ?» ያለችው የለም፤ «እሺ» ያለችው የለም። በር ላይ እንደቆሙ ቀርተው፣ እሷ ከማሽኑ ስትወጣ አብረዋት ጠፍተዋል። ይህን አታውቅም ነበር፤ አሁን ስታውቅ ደግሞ ያቺ «እሺ» አለመድረሷ እንደ ትልቅ ስጦታ ደስ አላት።

«መልሴ አልደረሰሽም?» አለ ከኋላዋ፤ ከፓምፑ በላይ እየጮኸ።

«አልደረሰኝም።»

«አንዱም?»

«አንዱም።»

ፊቱ ሲገረጣም ሲበራም በአንድ ጊዜ አየችው። ጣቷን ወደ ኪቦርዱ ስትልክ እጇን ሊይዝ ቃጣና እጁ ቅባት መሆኑን አይቶ መለሰው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላስለቅቀው። ኮንትሮልና አንድ ፊደል ነው። ጠላትህ።»

«ኪው?»

«ኪው።»

«ታዲያ የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ፊት ለፊት ሊወጣ ነው? ቆይ፣ እኔ ልውጣና...»

ተጫነችው።

ስክሪኑ ነቃ። መጀመሪያ የሷን መጠሪያ ሲጠራ ታየ። ማሽኑም ‹ድጋፍ አሁን አልገባችም› አለ፤ እውነቱን ነው፣ ድጋፍ እዚህ ቆማለች። ተቀባይ ሲያጣ፣ ቀጥሎ ያለውን እያንዳንዱን መስመር እንደ ትእዛዝ ወሰደው። ዓርብ አሥር ሰዓት ሳያይ የጻፈው፣ በሁለት ጣት፣ መስመር በመስመር እየተንደረደረ ወጣ፤ ማሽኑም ለእያንዳንዱ እንደ ሞኝ ጸሐፊ ይመልሳል።

አትሂጂ
‹አትሂጂ› የሚባል ትእዛዝ የለም
ከቻልሽ ማለቴ ነው
‹ከቻልሽ› የሚባል ትእዛዝ የለም
አይ ባትችዪም አትሂጂ
‹አይ› የሚባል ትእዛዝ የለም
እኔ አሥር ሰዓት እስኪደርስ ነው ቀኑን የምገፋው
‹እኔ› የሚባል ትእዛዝ የለም
እወድሻለሁ
‹እወድሻለሁ› የሚባል ትእዛዝ የለም

ከዚህ በኋላ ሰረዟ ብቻ ብልጭ ድርግም አለች።

ወደ ኋላዋ ዞራ ስታይ ግድግዳውን ተደግፎ በቅባት እጁ ፊቱን ሸፍኗል። ሳቀች። ሳቋ ወደ እንባ ሄደ፣ እንባዋ ተመልሶ ወደ ሳቅ መጣ። ከዓርብ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ በዚያ ሳቅ ተንከባሎ ወረደ።

«ማሽኑ የለም አለ» አለ ከእጆቹ ሥር።

«እሱ ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ» አለችው ጆሮው ጋ ተጠግታ።

እጆቹን ከፊቱ አወረደ። ከግንባሩ እስከ አገጩ ጥቁር ቅባት ሆኗል። በመሃረቧ ልትጠርግለት ስትል የጣቢያው ስልክ ጮኸ። አነሳና ሰጣት፤ በፒካፑ መውጣቷን ሰምተው የደወሉት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው።

«ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀረው» አሉ። «ፈረምሽ ወይስ?»

«አልሄድም፣ ጋሼ።»

«ምን?»

«አልሄድም ነው የምልዎ።»

«ፓምፑ ነው የሚሰማኝ። ምክንያቱን ንገሪኝ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ዕድል...»

አየር ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት አቅም ጮኸች። በዚያችው ቅጽበት ታንከሩ ሞላ፤ ፓምፑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ።

«እሱን ትቼ አልሄድም!»

ድምፅዋ በጸጥታው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ውጪ ቧንቧ ያወርድ የነበረው ሹፌር እንደያዘው ቆመ። ጣሪያው ላይ እርግቦቹ ተነሱ።

«እሺ» አሉ ኃላፊው፤ «ገባኝ። ማን እንደሆነ ግን አልጠይቅም፤ የደወልኩት የት እንደሆነ አውቃለሁ።» ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ዘጉት።

በሳምንቱ ወደ ቤት ይዛው ሄደች። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፣ እጁን ቆዳው እስኪላጥ ታጥቧል፣ ሱሪው ግን ያው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተከምሯል። እናት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ከመነጽሯ በላይ ከእግር እስከ ራሱ ለካችው።

«አንተ ነህ ልጄን ሦስት ቀን ምግብ ያስተውካት?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ምን ነክተህ ነው?»

ሐኪሟ ትንፋሿን ያዘች።

«ኤስን» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

እናት የተናገረው አልገባትም። የገባት ሌላ ነው፤ ተጠይቆ ምንም አልነካሁም ያላለ ወንድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። መርፌዋን መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች፣ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣ በእግሯ ወንበር ወደ እሱ ገፋችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «አይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ቁም፤ ሱሪህን ልለካው።»